መከታ የሌለው ጣራ

አይሁድ ኦሪትን በየሳምንቱ እያነበቡ በዓመት ይጨርሷታል። አምስቱ የሙሴ መጻሕፍት በ54 ክፍል ተከፍለዋል፤ በየሰንበቱ አንድ፣ አንዳንድ ሳምንትም ሁለት ክፍል በምኩራብ ይነበባል፤ በመስከረም ወይም በጥቅምት በሚውል በዓል ዘዳግም ሲያልቅ ዘፍጥረት በዚያው በዓል ይጀመራል። የዚህ ሥርዓት ትልቁ ጥቅም፣ በእኔ ግምት፣ አንባቢው መምረጥ አለመቻሉ ነው። ስለ ኦሪት ሲነሳ ለእኛ ቶሎ የሚመጣልን የአብርሃም እንግዳ ተቀባይነትና የዮሴፍ ይቅር ባይነት ነው። ስለ ጣራ፣ ስለ ሚዛን፣ ጠፍቶ ስለተገኘ በሬ የሚደነግጉትን ምዕራፎች ግን እንዘላቸዋለን። በየሳምንቱ ተራ የሚያነብ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም፤ ተራው ሲደርስ ጣራውንም ያነባል። ለዛሬዋ አዲስ አበባ፣ ከሁሉም ይልቅ ለኮልፌ ቀራንዮ፣ አብልጦ የሚያስፈልገው ይኸው የምንዘለው ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ።

ብዙውን ጊዜ በነሐሴና በመስከረም መግቢያ መካከል፣ ሁለት ንባቦች ተከታትለው ይመጣሉ። የመጀመሪያው የሚያበቃው በዘዳግም 21 መግቢያ፣ ገዳዩ ያልታወቀ ሰው ሬሳ ሜዳ ላይ ሲገኝ በሚደረገው ሥርዓት ነው። ሽማግሌዎችና ዳኞች ወጥተው ከሬሳው እስከ ዙሪያው ከተሞች ያለውን ርቀት ይለካሉ፤ የቅርቢቱ ከተማ ሽማግሌዎችም ጊደር አምጥተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ደሙን እንዳላፈሰሱ ይናገራሉ። ሚሽና የተባለውን ጥንታዊ የአይሁድ የሕግ ስብስብ ያቆዩ ሊቃውንት እዚህ ላይ ቆመው ጠየቁ፦ የከተማዋን ሽማግሌዎች በነፍሰ ገዳይነት የጠረጠራቸው ማን አለና ነው? የሰጡት መልስ፣ ሽማግሌዎቹ የሚመሰክሩት ያን ሰው መጥቶ ሳለ ያለ ስንቅ አለማሰናበታቸውን፣ አይተውትም ያለ ሸኚ አለመተዋቸውን ነው የሚል ነው። በሚቀጥለው ሰንበት ደግሞ ዘዳግም 22 ይመጣል፤ አዲስ ቤት የሠራ ሰው ለጣራው ዙሪያ መከታ ያድርግ፣ አለዚያ ሰው ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ ይሆናል ይላል። በጥንቷ እስራኤል ጣራው ጠፍጣፋ ነበር፤ ይተኙበታል፣ እህል ያሰጡበታል። ሊቃውንቱ ሕጉን በጣራ ብቻ አልገደቡትም። የሊቃውንቱ ክርክር የተሰበሰበበት ታልሙድ ተናካሽ ውሻንና የተናጋ መሰላልን በቤት ማኖርን በዚሁ ከለከለ፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የሕግ ሊቁ ማይሞኒደስ የመከታውን ቁመት ከአሥር ጋት እንዳያንስ ከደነገገ በኋላ፣ ነፍስ የሚያጠፋ አደጋን ሁሉ በሕጉ ሥር አገባው። የአንዱ ሳምንት ንባብ ከሞት በኋላ ማን ይጠየቃል ብሎ ያበቃል፤ የሚቀጥለው ሞቱ ሳይመጣ ምን ይደረግ ብሎ ይመልሳል።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ በዚሁ በኮልፌ ቀራንዮ የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። የተወካዮች ምክር ቤት የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ከክምሩ ሥር በጭቃና በላስቲክ ጎጆ የቀለሱ ቤተሰቦች፣ እናቶችና ሕፃናት ነበሩ። ወሩ መጋቢት እንጂ ክረምት አልነበረም፤ በዝናብ ማመካኘትም አይቻልም። ከተማዋ ከ50 ዓመት በላይ ጥራጊዋን ስትደፋበት የኖረችው ቦታ መሙላቱ የታወቀ ነበር። ለዚህም ነው በ2008 ዓ.ም. በሰንዳፋ ተተኪ ማስወገጃ የተከፈተው፤ ያ በነዋሪዎች ተቃውሞ በወራት ውስጥ ሲዘጋ የቆሻሻ መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። እንግዲህ በዘዳግም 21 ሥርዓት እንለካ። ከአየር ጤና እስከ ክምሩ ስንት እርምጃ ነው? ከቤቴልስ? ያለ ስንቅ የተሰናበተ ሰው ማለት፣ ከተማዋ የጣለችውን ፕላስቲክና ብረት እየለቀመ ልጆቹን ያሳድግ ከነበረው ሰው ሌላ ማን ነው? በዚያው የመከታው ሳምንት ንባብ ውስጥ፣ ዘዳግም 24 ላይ፣ በእርሻ የተረሳውን ነዶ ለስደተኛ፣ ለድሃ አደግና ለመበለት ተዉለት የሚል ሕግም አለ። ለድሃ የታዘዘለት ከእህሉ ነበር። እኛ የተውንለት ቆሻሻውን ነው።

ቆሼ ሥር እንዲሰፍሩ ያዘዛቸው አልነበረም፣ አደጋውንም እያዩ ነው የገቡት የሚሉ አሉ። ይህን ክርክር ኦሪት ያነበቡ ሰዎች አስቀድመው አውቀውታል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ የኖረው ታላቁ ተርጓሚ ራሺ ስለ መከታው ሲያብራራ፣ የወደቀው ሰው መውደቅ የሚገባው ቢሆን እንኳ ሞቱ በባለቤቱ እጅ መምጣት የለበትም ይላል። ሕጉ ጣራ ላይ የወጣው ሰው ጠንቃቃ ይሁን ችኩል፣ ተጋብዞ ይምጣ ሳይጠራ፣ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ቤቱን የሠራውን ነው። ሌሎች ደግሞ የሕንፃ አዋጅ እያለ የጥንት መጽሐፍ ለምን ያስፈልገናል ይላሉ። አዋጁ ያስፈልጋል፤ መሐንዲሱም ያስፈልጋል። ነገር ግን አዋጅ የሚያነበው ጉዳይ ያለው ሰው ብቻ ነው። የየሳምንቱ ንባብ ጣራ የሌለው ተከራይም፣ ባለ ፎቁም፣ ሕፃኑም በየዓመቱ አብረው እንዲሰሙት ያደርጋል፤ መከታ መሥራትም የሕሊና ጉዳይ ይሆናል።

ከባዱ ተቃውሞ ኦሪት አልፋለች የሚለው ነው፤ ከዚያም ብሶ፣ በመከታው ንባብ ውስጥ እምቢተኛ ልጅን አደባባይ አውጥተው በድንጋይ እንዲወግሩት የሚያዝ ሕግ አለ። ይህን አልሸሽገውም። ታልሙድ ራሱ እንዲህ ያለ ልጅ ኖሮ አያውቅም፣ አይኖርምም የሚል ድምፅ መዝግቧል፤ ንባቡ የሚከራከር እንጂ የሚነበነብ ብቻ እንዳልነበር ያሳያል። ማለፏን በተመለከተ ደግሞ፣ የመሥዋዕቱ ሥርዓት ማለፉን የሚያምን ክርስቲያን የጎረቤትህ ደም ግድ አይበልህ ተብሎ አልተማረም፤ ክርስቶስም በማቴዎስ 5 ሕግን ሊሽር እንዳልመጣ ተናግሯል። በዚህ አገር ኦሪት እንግዳ አይደለችም። ቤተ እስራኤል በጎንደር መንደሮች በግዕዝ ሲያነቧት ኖረዋል፤ የኦርቶዶክስ ምእመናን በሰሙነ ሕማማት ይሰሟታል፤ ብዙ ሙስሊሞች በሚኖሩበት በኮልፌም ተውራት ተብላ ከአምላክ ከወረዱት መጻሕፍት ጋር ትቆጠራለች።

ሽማግሌዎችም አሉን። በኮልፌ ሰፈሮች እድር አለ፤ ሰው ሲሞት ድንኳን ተክሎ፣ ወንበር ደርድሮ፣ ሐዘንተኛውን አጽናንቶ ይመለሳል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ የሚጀምረው ግን ከቀብሩ ነው። ያው የእድር ዳኛ፣ ያው ጸሐፊ፣ በግንቦት ክረምቱ ሳይገባ ከቄሱና ከኢማሙ ጋር ሰፈሩን ዞሮ በወንዝ ዳርና በገደል አፋፍ ማን እንደሚኖር፣ የትኛው ጉድጓድ ክዳን እንደሌለው፣ የየትኛው ሕንፃ ደረጃ መደገፊያ እንዳጣ ቢመዘግብና ዝርዝሩን ለወረዳው ቢያስገባ ምን ያግደዋል? ወረዳው ዝም ቢል እንኳ ዝርዝሩ በእድሩ መዝገብ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ግንቦትም እየተነበበ፣ የቱ እንደተሠራና የቱ እንዳልተሠራ በአባላቱ ፊት ይጠየቃል።