ሽታን የናቀ ነጂ

መንግሥታችን በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ነገር ግን ብዙ ነጂ በጉዞ ላይ የሚቃጠል ነገር ሲሸተው መስኮት ከፍቶ መንገዱን ይቀጥላል። እኔ ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ። ይህ መኪና ነዳጅ አያቃጥልም፤ ስለዚህ የውጭው አየር መግቢያ ተዘግቶም ሽታው እየበረታ ከሄደ ምክንያቱ ከራሱ ነው።

ረጅም ቁልቁለት ከወረዱ በኋላ ጎማ አካባቢ የሚሸት እንደ ሆነ ፍሬኑ ግሎ፣ ወይም የእጅ ፍሬኑ ሳይለቀቅ ቀርቶ ይሆናል። የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸት እንደ ሆነ የሽቦ ወይም የማሞቂያ ጉዳት ይጠረጠራልና ቆሞ መኪናውን ማጥፋት ነው። ጣፋጭ የመሰለ እንግዳ ሽታ ከነጭ ጭስ ጋር ከወለሉ ሥር ከወጣ ግን ባትሪው ሊሆን ስለሚችል፣ ምርመራውን ትቶ፣ ዳር ይዞ አቁሞ፣ ተሳፋሪውን ሁሉ አውርዶ መራቅና እሳት አደጋ መጥራት ይገባል። የጠፋ የመሰለ የባትሪ እሳት ከሰዓታት በኋላም ሊነሣ ይችላል።

ወላጆች ሆይ፥ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «ይሸተኛል» ቢላችሁ ዝም በል አትበሉት፤ አቁሙ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።