ዝም ያለ ሁሉ እምቢ ያለ አይደለም

በሰሃላ፣ በዝቋላና በአበርገሌ የሚኖሩ የዋግ ኽምራ ምእመናን ባለፉት ዓመታት ጦርነትና ድርቅ ተፈራርቀውባቸዋል። በጦርነቱ ከቀያቸው የተነሡ ብዙዎች በሰቆጣና በአካባቢዋ ተጠልለዋል፤ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. የጸናው ድርቅም ከብቶችን ፈጅቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ እርዳታ ፈጥኖ የሚደርሰው ስሙን ለሚያስመዘግብ፣ ሕመሙን ለሚያስረዳ፣ ሲጠሩት አቤት ለሚል ነው። አቤት ማለት የማይችለውስ?

ኦቲዝም ከሕፃንነት ጀምሮ የሚታይ የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው። አንዳንዱ ከነጭራሹ አይናገርም፤ ሌላው በሰላሙ ቀን የሚናገረው ቃል በጭንቅ ሰዓት ይጠፋበታል። ጩኸት፣ ግፊያና የእንግዳ ሰው እጅ እንደ ሕመም ሊሰማው ይችላል። ስለዚህ ጆሮውን ይይዛል፣ ይወዛወዛል፣ ይሸሻል፣ ወይም ባለበት ደርቆ ይቀራል። የማያውቅ ሰው ግን ባለጌ፣ እብድ ወይም ርኩስ መንፈስ ያደረበት ይለዋል። “ቁም!” የተባለ ወጣት ትእዛዙ ስላልገባው ባይቆም ደግሞ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

በአዲስ አበባ በወ/ሮ ዘሚ የኑስ የተመሠረተው የጆይ ኦቲዝም ማእከልና የነህምያ የኦቲዝም ማእከል እነዚህን ልጆች ሲያስተምሩ ቆይተዋል። ለሰሃላ እናት ግን አዲስ አበባ ሩቅ ናት። ለእርሷ የሚቀርባት የደብሯ ቅጽር ግቢና ቤቷን የሚያውቁት የንስሐ አባቷ ናቸው። ሕዝቡም መከራ ሲመጣ የሚሸሸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ቅዱስ ወንጌል በዚህ ነገር ሁለት አብነቶችን ያሳየናል። ካህኑ ዘካርያስ አንደበቱ በተያዘ ጊዜ ዘመዶቹ በምልክት ጠየቁት፤ እርሱም ሰሌዳ ለምኖ ጻፈ (ሉቃ. 1፥62-63)። ቃል ባልነበረበት ምልክትና ጽሕፈት አገለገሉ። ጌታችንም ደንቆሮና ኮልታፋ የሆነውን ሰው ከመፈወሱ በፊት ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወሰደው (ማር. 7፥33)። ከግርግር መለየቱ ለእኛም ትምህርት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አስቀድመን በካርቶን ላይ ውኃ፣ ምግብ፣ ሽንት ቤት፣ ሕመምና እናት የሚያሳዩ ሥዕሎችን ሥለን ልጁ በጣቱ እንዲያመለክት እናለማምደው። ማንበብ የማይችለውን ምእመን በቅዱሳት ሥዕላት ስታስተምር ለኖረች ቤተ ክርስቲያን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በአደጋ ሰዓት አንድ ሰው ብቻ፣ በዝግታና በአጭር ቃል፣ ልጁ ባደገበት ቋንቋ ይናገረው፤ በዋግ ይህ ኽምጥኛ ሊሆን ይችላል። ጠይቀነው መልስ ቢዘገይ እንታገሥ እንጂ ደጋግመን አንጩኽበት። ሳንነግረው አንንካው፤ በእጁ የያዘውን አንንጠቀው፤ ጸጥ ያለ ጥግ እንፈልግለት። ስሙን፣ የወላጆቹን ስምና እንዴት እንደሚግባባ የሚገልጽ ወረቀት በልብሱ ውስጥ እንስፋለት። ወደ ጸበል ስንወስደውም በትዕግሥት ይሁን፤ ማሰርና ማስፈራራት ፍርሃቱን ያባብሰዋል እንጂ እምነትን አይገልጥም።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ11ኛው አንቀጹ በጦርነትና በተፈጥሮ አደጋ ጊዜ ለእነርሱ ጥበቃ እንዲደረግ ያዝዛል። የቤተ ክርስቲያናችን የልማትና የተራድኦ ሠራተኞች፣ የሰበካ ጉባኤያትና የሰንበት ትምህርት ቤቶች ተረጂዎችን ሲመዘግቡ “ይህ ሰው እንዴት ይግባባል?” የሚል አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ ስምምነቱ ከወረቀት ወርዶ ሰሃላ ይደርሳል።

ቀጣዩ መከራ መቼ እንደሚመጣ አናውቅም። በየደብራችን የማይናገረው ልጅ በየትኛው ቤት እንዳለ ግን ዛሬ ማወቅ እንችላለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር