የመጀመሪያው ሳምንት ድል ምን ያህል ያስረዳል?

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 2007 ከ109 ሺህ የሚበልጥ ተመልካች በተገኘበት የአን አርበር ስታዲየም፣ ከሰሜን ካሮላይና ተራሮች የመጣው የአፓላቺያን ስቴት የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲን 34 ለ 32 አሸነፈ። ሚሺጋን በአሶሽየትድ ፕሬስ ደረጃ 5ኛ ነበር። አፓላቺያን ስቴት በአንድ እርከን ዝቅ ብሎ የሚወዳደር ሲሆን፣ ለተጫዋቾች የሚሰጠው ነፃ የትምህርት ዕድል ጣሪያ 63 ነበር፤ የተጋጣሚው 85። በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ሚሺጋን ለማሸነፍ የመታው ኳስ በተከላካይ እጅ ከሸፈ። ጨዋታው በዚህ ሲያበቃ የደጋፊው ትርጓሜ ጀመረ።

ደጋፊ በመጀመሪያው ካፊያ የዓመቱን ምርት እንደሚገምት ገበሬ ነው። በአንድ ቅዳሜ ያየውን ወስዶ ለቀሪው ወቅት ፍርድ ይሰጣል። በዚያ ሳምንት ከሁለቱም ወገን የተሰማው ፍርድ አንድ ነበር፦ የአንዱ ወቅት ሞቷል፣ የሌላውን የሚያቆመው የለም። ተከታዮቹ ወራት ሁለቱንም ሐሳቦች አፈረሱ። ሚሺጋን በቀጣዩ ሳምንት በኦሬገን 39 ለ 7 ቢሸነፍም፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸንፎ ዓመቱን በ9 ድልና በ4 ሽንፈት ዘጋ። አፓላቺያን ስቴት ደግሞ በዚያው ወር በዎፎርድ ኮሌጅ ተሸነፈ፤ ሆኖም በእርከኑ ለሦስተኛ ተከታታይ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ።

ታዲያ ያ ድል ምንም አላስረዳም ማለት ነውን? አይደለም። አንድ ምልከታ የሚመልሰው ጥያቄና የማይመልሰው ጥያቄ ተለይተው መታየት አለባቸው። የአንድ ቡድን አማካይ ብቃት ምን ያህል ነው ለሚለው ጥያቄ አንድ ጨዋታ እጅግ ደካማ ማስረጃ ነው፤ ዕድል፣ የተጋጣሚ መዘናጋትና የአንድ ተጫዋች እጅ ውጤቱን ይወስኑታል። «የታችኛው እርከን ቡድን በደረጃ ሰንጠረዥ ያለን ቡድን ከቶ ሊያሸንፍ አይችልም» የሚለውን ጥቅል ድምዳሜ ለማፍረስ ግን አንድ ጨዋታ ብቻውን በቂ ነው።

አሶሽየትድ ፕሬስ በዚያ ሳምንት ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ሰጠ። የታችኛው እርከን ቡድኖች ድምፅ እንዳያገኙ የሚከለክለውን ደንብ ማሻሻሉ ትክክል ነበር፤ የተሻረው ጥቅል እምነት ነበርና። ሚሺጋን ከ5ኛ ደረጃ በአንድ ጊዜ ከሃያ አምስቱ ውጭ መውጣቱ ግን አንድን ውጤት ከአቅሙ በላይ ማናገር ነበር። ያም ሆኖ ጥፋቱ የቅጣቱ ክብደት ብቻ አይደለም። 5ኛነቱ ራሱ አንድም ጨዋታ ሳይደረግ በግምት የተሰጠ ነበር፤ ያልተፈተነ ግምት በአንድ ፈተና ሲናድ ሊያስደንቅ አይገባም። ከ2014 ጀምሮ የኮሌጅ ፉትቦል ማጣሪያ ኮሚቴ የመጀመሪያ ደረጃውን የሚያወጣው ወቅቱ ከተጋመሰ በኋላ መሆኑ ከዚህ አንጻር የተሻለ ልማድ ነው።

ደጋፊው ሊደሰት መብቱ ነው፤ ደስታ ናሙና አይጠይቅም። በአንድ መስክ ቆይታ ወይም በአንድ የሙከራ ውጤት የተደሰተ ተመራማሪ ግን፣ ከመጻፉ በፊት ውጤቱ አንድ እምነትን አፈረሰ ወይስ አዲስ እምነትን አቆመ ብሎ ራሱን መጠየቅ ይኖርበታል። ለመጀመሪያው አንድ ቅዳሜ ይበቃል፤ ለሁለተኛው ሙሉ ወቅት ያስፈልጋል።