ከጅዳ የመጣው ኤር ኮንዲሽነር ሲቃጠል



በሳዑዲ ዓረቢያ ወይም በኤምሬትስ ዘመድ የሌለው ሙስሊም ቤተሰብ ቢፈለግ ብዙ አይገኝም። ከዚያ የሚመለስ ሰው ደግሞ በካርቶን ካሸገው ዕቃ ጋር የኑሮ ልማዱንም ይዞ ይመጣል። በመሆኑም ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር በምትገኘው በቡራዩ አንዳንድ አዳዲስ ቤቶች ግድግዳ ላይ የኤር ኮንዲሽነር፣ በተለምዶ ኤሲ የምንለው ዕቃ፣ ተሰቅሎ ይታያል። ጥቂት ዓመት ሠርቶ ሲቃጠል አባወራው «ተመሳሳዩ ስንት ይሆን?» እያለ ገበያ ይወጣል። በዚህ ወር ገጻችን የምንለው፣ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ማሽኑ ለምን እንደሞተና ቤቱ በእርግጥ ምን እንደሚያስፈልገው ይጠየቅ ነው። ሁለቱ ከታወቁ የሚገዛው ዕቃ ሌላ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና።

በመጀመሪያ የሞቱን ምክንያት እንመልከት። በሳዑዲ ዓረቢያ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚመጣው በ60 ኸርዝ ሲሆን በኢትዮጵያ ግን በ50 ኸርዝ ነው። ቮልቱ ተቀራራቢ በመሆኑ ብዙ ሰው ልዩነት ያለ አይመስለውም። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ተራ ኮምፕሬሰር በእኛ መሥመር ላይ ሲሰካ ፍጥነቱ ወደ 6 እጅ 5ቱ ይወርዳል፣ ሞተሩም ከልኩ በላይ ይግላል። ወዲያው አይቃጠልም፤ እየሠራ ነው ተብሎ እየታመነ ዕድሜው ያልቃል። ብዙዎች ለዚህ መድኃኒት ብለው ስታቢላይዘር ይገዛሉ። ስታቢላይዘር ግን ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። የዱባዩ መሥመር እንደ እኛው 50 ኸርዝ በመሆኑ ከዚያ የመጣ ዕቃ ይህ ችግር የለበትም። ስለዚህ ያገለገለም ይሁን አዲስ፣ ከማሽኑ ጎን የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳታነቡ ብር አትቁጠሩ። «50» ወይም «50/60» የሚል ከሌለበት በነፃ ቢሰጣችሁም ውድ ነው።

በዚያው ጽሑፍ ላይ የጋዙ ዓይነትም ይገኛል። «አር 22» የሚል ከሆነ ማሽኑ አሮጌ ነው። ይህ ጋዝ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ኢትዮጵያን ጨምሮ በታዳጊ አገሮች ከአገልግሎት እየወጣ ነው፤ መሙያው ከዓመት ዓመት እየጠፋና እየተወደደ መሄዱ አይቀርም። «የውጪውን ሣጥን ብቻ ለውጠን የውስጡን እናስቀር» የሚል ሠራተኛ ቢመጣ እሺ አትበሉ። አዲሶቹ ጋዞች ግፊታቸው እጅግ ከፍ ያለ ስለሆነ ለአር 22 የተሠራው የውስጥ ክፍል አይችላቸውም። ደግሞም «ጋዝ ጨርሷል» የሚባለው ነገር ትንሽ ያስቃል። ጋዙ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም፤ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ የሚዞር ነው። ጎደለ ማለት የሆነ ቦታ ያፈስሳል ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልግ በየዓመቱ እየሞላ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ውኃ በወንፊት እየሸጠላችሁ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። ቡራዩ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ደጋ ናት። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ እኩለ ቀን ላይ ቤት ውስጥ የሚያፍነው ሙቀት ከአየሩ የመጣ አይደለም፤ ውጪ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ደህና ይተነፍሳልና። ሙቀቱ የሚመጣው ከቆርቆሮው ነው። በጠራ ሰማይ ቀትር ላይ ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የምታሳርፈው ኃይል ወደ 1 ኪሎዋት ይጠጋል። 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ እንግዲህ 60 ኪሎዋት ገደማ ይወርዳል። ከዚህ ብዙው ወደ ሰማይና ወደ ነፋስ ይመለሳል፤ የቀረው ግን ቆርቆሮውን አግሎ ወደ ክፍሉ ይወርዳል። ለአንድ ሳሎን የሚሸጠው የ12,000 ቢቲዩ ማሽን ደግሞ ከክፍል ውስጥ ማውጣት የሚችለው 3.5 ኪሎዋት ሙቀት ብቻ ነው። ያውም አየሩ በእኛ ከፍታ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ የሳሳ ስለሆነ የተጻፈለትን ያህል እንኳ ላያወጣ ይችላል። ኮርኒስ በሌለው ወይም በአቡጀዴ ብቻ በተወጠረ ቤት ውስጥ ኤሲ ማስገባት ክዳን በሌለው ድስት ወጥ እንደመሥራት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ብር ወደ ጣሪያው ይሂድ። ኮርኒሱ በቺፑድ ወይም በጂፕሰም ይሠራ፤ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው ባዶ ቦታ አየር እንዲተነፍስ በሁለቱ የክፈፍ ጫፎች በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ ቀዳዳ ይተውለት። አቅም ካለ ከኮርኒሱ በላይ ሙቀት የሚከላከል ንጣፍ ይጨመር። ቆርቆሮው ሲታደስ ነጣ ያለ ቀለም ቢቀባ ፀሐይዋን ይመልሳል። በምዕራብ በኩል ባለው መስኮት ፊት አንድ ዛፍ ቢተከል ደግሞ ከሰዓት በኋላ ያለውን ፀሐይ ይጋርዳል። ይህ ሁሉ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት የኤሌክትሪክ ቆጣሪ የማይቆጥርበት ነው። ብዙዎቹ የቡራዩ ቤቶች ይህ ከተደረገላቸው በኋላ ቀን ቀን ማቀዝቀዣ የሚፈልጉ አይመስለኝም።

ማታውስ? እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የሚከብደው። የቡራዩ ቤተሰብ በእርግጥ የሚቸገረው በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት፣ እንዲሁም በክረምቱ ዝናብ በሚገባው ብርድ ነው። ለዚህ ብርድ ደግሞ የተለመደው መልስ የከሰል ማንደጃ ነው። ቡና የተፈላበት ከሰል ሳይጠፋ ወደ መኝታ ቤት ይገባል፤ አራስ ካለችም በርና መስኮት ተዘግቶ እርሷና ሕፃኑ ከአጠገቡ ይተኛሉ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዝና ሰውን ሳይነቃ ይገድላል። ጭሱ ካለቀ፣ ፍሙም ከቀላ አይጎዳም የሚለው እምነት ፍጹም ስሕተት ነው፤ የሚገድለው ጭሱ ሳይሆን የማይታየው ነውና። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መዝለፍለፍ ምልክቶቹ ናቸው። አንድ ሰው እንዲህ ካለ ወዲያው ወደ ውጪ አየር ይውጣ፣ ሐኪም ቤትም ይወሰድ። እናቶቻችን ይህን በክፋት አያደርጉትም፣ አራሷን እንዳይበርዳት ብለው ነው፤ ቢሆንም እማማን አክብሮ ማንደጃውን ከክፍሉ ማውጣት የልጆቹ ግዴታ ነው።

እንግዲህ በቡራዩ ኤሲ የሚተካ ቤተሰብ ካለ፣ እንደ እኔ ሐሳብ፣ ለማቀዝቀዝ ሳይሆን ለማሞቅ ብሎ ይተካ። ከጅዳ የሚመጡት ብዙውን ጊዜ የሚያቀዝቅዙ ብቻ ናቸው። ሙቅም ቀዝቃዛም የሚሰጠው ዓይነት ግን ከውጪው አየር ሙቀት እየሰበሰበ ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ በ1 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ 3 ኪሎዋት ገደማ ሙቀት ይሰጣል። ሽቦው ቀልቶ የሚያሞቀው ተራ ማሞቂያ በ1 ኪሎዋት የሚሰጠው ያንኑ 1 ብቻ ነው። ለአንድ መኝታ ቤት 9,000 ቢቲዩ ይበቃል፤ ሻጩ «ትልቁ ይሻላል» ቢል አትስሙት።

ዋጋውን ስታሰሉ የማሽኑን ብቻ አትያዙ። ቢያንስ ከሦስት ሻጮች በጽሑፍ ፕሮፎርማ ውሰዱ፤ ሦስቱም ላይ የመዳብ ቧንቧው ስንት ሜትር እንደሆነ፣ መስቀያው፣ የብቻው ብሬከርና ሽቦ፣ የሠራተኛው ዋጋ፣ ዋስትናውና ቫት መካተቱ በግልጽ ይጻፍ። አለዚያ ርካሹ መስሎ የታየው ከሁሉ የተወደደው ሆኖ ይገኛል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዓምናን ዋጋ ይዞ መከራከር ዋጋ የለውምና፣ ፕሮፎርማው እስከ ስንት ቀን እንደሚጸና ጠይቁ።

ከዚያ ማሽኑ የሚበላው ይታሰብ። 1 ኪሎዋት የሚወስድ ማሽን በቀን 3 ሰዓት ቢሠራ በወር 90 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ በሳምንት ሁለት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት በወር 56 ገደማ ይወስዳል። ኤሲው እንግዲህ ከምጣዱ በላይ በልቷል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ታሪፋችን በእርከን የተሠራ በመሆኑ ፍጆታው ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ ራሱ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ እንዲሄድ ተደርጓል። የመጨረሻውን ወር ቢላችሁን አውጥታችሁ የት እርከን ላይ እንዳላችሁ እዩ።

ኢንቨርተር የሚባለው ዓይነት በዋጋው ውድ፣ በፍጆታው ቆጣቢ ነው። በሰዓት 0.3 ኪሎዋት ቢቆጥብ፣ ድሬዳዋ ላይ በዓመት 200 ቀን ለ10 ሰዓት ለሚሠራ ቤት 600 ኪሎዋት ሰዓት ያተርፋል። ቡራዩ ላይ በዓመት 100 ቀን ለ3 ሰዓት ለሚሠራ ግን የሚያተርፈው 90 ብቻ ነው፤ የዋጋው ልዩነት ከሚመለስ ማሽኑ ቢያረጅ ይቀድማል። በሌላ በኩል ኢንቨርተሩ ሲነሣ ቀስ ብሎ ስለሆነ ቮልቱ ደካማ ለሆነበት ሠፈር ይመቻል፤ መብራት ጠፍቶ በድንገት ሲመጣ ግን የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ ቶሎ ይጎዳል። የትኛውም ዓይነት ቢሆን መብራት እንደመጣ ወዲያው አታስነሡት፤ ጥቂት ደቂቃ ይረፍ።

ገንዘቡ በእጅ ከሌለ ከወለድ ነፃ የሆነው መንገድ አለ። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህም ሆነ በሌሎች ባንኮች የወለድ አልባ መስኮቶች፣ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ትርፉን ገልጾ በክፍያ የሚሸጥበት ሙራበሐ ይሠራበታል። ሱቁ ራሱ በዱቤ ቢሸጥላችሁም፣ የዱቤው ዋጋ ከእጅ በእጁ መብለጡን አብዛኞቹ ዑለማዎች ፈቅደውታል፤ ዋናው ነገር ከመለያየታችሁ በፊት ዋጋው በአንዱ መቁረጡ ነው። ያገለገለውን የጅዳ ማሽን የምትሸጡ ደግሞ ኸርዙንና ያፈስስ እንደሆነ ለገዢው ንገሩት፤ ነውሩን ደብቆ መሸጥ ሐላል አይሆንም።

በመጨረሻም የውጪው ሣጥን የሚሰቀልበትን ግድግዳ ሠራተኛው ብቻውን አይምረጠው። ከጎረቤት መኝታ ቤት መስኮት ፊት ለፊት አይሁን፤ ድምፁም ነፋሱም ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ይገባልና። ከማሽኑ የሚወጣው ውኃ በጎረቤት አጥር ላይ እንዳይንጠባጠብ ቱቦው እስከ ግቢያችሁ መፍሰሻ ድረስ ይሳብ፤ ይህም ፕሮፎርማው ላይ ይጻፍ።