እምቢታም ስንቅ ይፈልጋል

አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ፊሊፕ ግላስ ስለ አብርሃም ሊንከን የደረሰውን 15ኛ ሲምፎኒውን ከዋሽንግተኑ የኬኔዲ የኪነ ጥበብ ማዕከል መድረክ አንስቶታል። ዶናልድ ትራምፕ የማዕከሉን የቦርድ ሰብሳቢነት ራሳቸው ከያዙ፣ ቀጥሎም ስማቸው ሕንፃው ላይ ከተለጠፈ ወዲህ «እኔ እዚያ አልጫወትም» የሚለው በዝቷል። «ሃሚልተን» የተባለው ቲያትር ቀረ፤ የፈረንጆች ገና ዋዜማ የጃዝ ኮንሰርት ተሰረዘ፤ የዋሽንግተን ብሔራዊ ኦፔራም ጓዙን ጠቅልሎ ለመውጣት ወሰነ። እኔ በበኩሌ ደስ ብሎኛል።

በእኛዋ የወሎ ከተማ ሐራ ግን ደስታዬን የሚጋራኝ አላገኘሁም። ሻይ ቤት ወሬውን ባነሳው አንድ የማከብራቸው ጋሼ ብርጭቋቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ «የጠገበ ሰው እምቢ ቢል ምን ይገርማል?» ብለው ዘጉኝ። አጠገባቸው የተቀመጠው ጎረምሳ ደግሞ ባሰ፦ «አዝማሪ ምን ፖለቲካ አለው? የከፈለውን ያሞግሳል።» ይህችን ነገር በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

እስቲ የከፈለውን አላሞግስም ካለ ሰው ልጀምር። ጣሊያናዊው አርቱሮ ቶስካኒኒ በግንቦት 1923 ቦሎኛ ከተማ ኦርኬስትራ ሊመራ ሲሄድ፣ ሹማምንት ስለሚገኙ የፋሺስቶቹን መዝሙር «ጆቪኔዛ»ን እንዲያስቀድም ተጠየቀ። እምቢ አለ። ቲያትር ቤቱ ደጃፍ ላይ ከበው በጥፊ አጮሉት። ከዚያ ወዲያ ሙሶሎኒ እስኪወድቅ ድረስ በአገሩ መድረክ ላይ አልቆመም። ያው ሙሶሎኒ ነው በአራት ዓመቱ መረብን አሻግሮ ጦሩን የላከብን።

ወደ እኛ ስንመጣ ጥፊ ብርቅ አይደለም። ግላስ ባልቲሞር ውስጥ በጥር 1929 ተወለደ፤ በቀጣዩ ወር የካቲት 12 በፋሺስቱ ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦንብ ተወረወረ፤ አዲስ አበባ ላይ የተከተለውን ጭፍጨፋ ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ የማይወራው በመጋቢት የተከተለው ትእዛዝ ነው፦ ጠንቋዩ፣ ባሕታዊውና አዝማሪው እየተለቀመ ይገደል! ጥፋታቸው በየአገሩ እየዞሩ የጣሊያን ዕድሜ አጭር ነው ማለታቸው ነበር። አዝማሪ የከፈለውን ብቻ የሚያሞግስ ቢሆን ኖሮ ግራዚያኒ ጥይት ከሚያባክን ሊሬ አይበትንለትም ነበር? «አዝማሪ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ የነገሥታት ወግ ነው፤ ፋሺስቱም የገደለው ጠይቆ መልሱን ስላልወደደው ነው። ጎረምሳው ይህን ያስብበት።

በእኛ አገር ነገሩ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል፤ አድማውን የሚመታው መንግሥት ራሱ ይሆናል። ነሐሴ 28 ቀን 2009 ቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» የተሰኘ አልበሙን ሊያስመርቅ ሒልተን እንግዳ ጠርቶ ሳለ ፖሊስ ፈቃድ የላችሁም ብሎ አስቀረው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በኦሮሚያና በአማራ ሰልፈኛ በጥይት በሚወድቅበት በዚያ ክረምት ማብቂያ ላይ፣ የአዲስ ዓመት ኮንሰርታቸውን በገዛ ፈቃዳቸው የሰረዙ ድምፃውያንም ነበሩን። ያኔ «ዘፋኝ ምን አገባው?» ያለ ሰው አላስታውስም። የኦሮምኛ ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ደግሞ በሌላ በር ገባ። በታኅሣሥ 2010 ሚሊኒየም አዳራሽ ውስጥ ሹማምንቱ ተቀምጠው እያዩት ወጥቶ ሊሰሙት የማይሹትን አሰማቸው። ቀርቶ መናገር አለ፣ ተገኝቶ መናገር አለ። ማንኛው ይሻላል ብለው የሚከራከሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ያልሞከሩ ናቸው።

የጋሼ «የጠገበ ሰው» ነገር ግን ከጆሮዬ አልጠፋም፤ ምክንያቱም 1977ን አስታወሰኝ። መስከረም 2 ደርግ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር አዲስ አበባ በቀይ ጨርቅ አጊጣለች፣ ኪነቱ ይዘምራል። በዚያው ሰሞን ከመርሳ በወልዲያ አልፎ ወደ ቆቦና ኮረም በሚወስደው መንገድ ዳር የወሎ ሰው በረሃብ ይረግፋል። የኪነት ጓዱ ለምን እምቢ አላለም ብሎ ዛሬ ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ስኳሩ ከቀበሌ፣ መታወቂያው ከቀበሌ፣ እስሩም ከቀበሌ! እምቢ ማለት መውጫ ላገኘ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ከሄደው ዋልያስ ባንድ ከፊሉ በዚያው ቀረ። ከቀሩት አንዱ ኃይሉ መርጊያ ነው፤ ኋላ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ እየነዳ፣ ኪቦርዱን ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይዞ እየዞረ፣ ተሳፋሪ ሲጠፋ ይለማመድ ነበር። እምቢታ እንዲህ ስንቅ ይፈልጋል።

ባለፈው እሑድ እዚሁ ሐራ ሰርግ ተጠርቼ ነበር። ደጋሾቹ ባቡሩ ይመጣል ብለው ቤታቸውን ካሰፉት ወገን ናቸው። (ከአዋሽ ሐራ ገበያ 392 ኪሎ ሜትር የተባለለት ባቡር እሱም የራሱን አድማ ከመታ ሰንብቷል።) ዳሱ ውስጥ አንድ ባለማሲንቆ ይዞራል። ጠላው ሞቅ ያደረገው አንድ እንግዳ ባለ 200 ብር ኖት ምራቁን ቀብቶ ግንባሩ ላይ ለጠፈለትና «ተቀበል!» አለው። የሰጠው ግጥም ከቆላ ግመል እየነዱ ወደ ገበያችን የሚወጡትን ጎረቤቶቻችንን የሚዘልፍ ነበር። አዝማሪው አልተቀበለም። አንገቱን ደፍቶ የደጋኑን ጭራ በዕጣን ማሸት ጀመረ። «ተቀበል እንጂ!» አሁንም ያሻል። ሰውዬው ሲጮህበት ማሲንቆውን አነሳና ያለምንም ግጥም ፈጠን ያለ የወሎ ዜማ ለቀቀው፤ ሚዜዎቹ ተነሡ፣ ጭፈራው ቀለጠ። እንግዳው ብሩን ከግንባሩ ላይ ላጥ አድርጎ ወደ ኪሱ መለሰ። «አዝማሪም መራጭ ሆነ!» እያለ ነበር የተቀመጠው።

እሰይ፣ ይምረጥ! አክራሪ ቀኝ ዘመሞች የትም አገር ሥልጣን ላይ የሚወጡት በሰልፍና በባንዲራ ብቻ አይደለም። አስቀድሞ ጎረቤትን መዝለፍ የሰርግ ቤት ሣቅ ይሆናል፣ ቀጥሎ መዝሙር ይሆናል፣ ከዚያ አዋጅ ይሆናል። ነገሩን ገና ሣቅ ሳለ ያልተቀበለ አዝማሪ ከግላስ ያነሰ ሥራ አልሠራም። እንዲያውም ይበልጣል ባይ ነኝ። ግላስ ሲምፎኒውን የሚጫወትለት ሌላ መድረክ አያጣም፤ የእኛው ሰው ያጣው የዚያን ቀን እራቱን ነው።

ሰርጉ ሲያልቅ «ለባለማሲንቆው ስንት ተዋዋላችሁ?» ብዬ ደጋሾቹን ጠየቅኋቸው። «እሱማ ከሽልማቱ ይበላል» አሉኝ። ዲጄው ቀብዱን ከሳምንት በፊት ወስዷል። ለጄኔሬተሩ ቤንዚን ተገዝቷል። ወንበር ያከራየው፣ ቪዲዮ የቀረፀው፣ ሁሉም ዋጋውን ቆርጦ ነው የመጣው። ሰካራም በሚለጥፍለት ብር እንዲያድር የተፈረደበት አዝማሪው ብቻ ነው። እንዲህ አድርገን ካስቀመጥነው በኋላ መልሰን ሆዳም እንለዋለን! ክብሩን በገዛ እጃችን ለጨረታ አውጥተን፣ ገዢ ሲመጣ ለምን ተሸጠ ብለን እንቆጣለን።

ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ ልጆቻችሁን የምትድሩ የሐራና የመርሳ ሰዎች፣ ለባለማሲንቆው ዋጋ ቁረጡለት፤ ግማሹንም አስቀድማችሁ ስጡት። ሽልማቱ ከዚያ በላይ ምርቃት ይሁንለት። ገንዘቡን አስቀድሞ የተቀበለ ሰው ግጥሙን መርጦ ይቀበላል።