ጭቃ የያዘው መኪናና የቀበሌው ድርሻ

ክረምቱ ጠንክሮ በገባ ቁጥር በገጠር መንገዶች ላይ አንድ የተለመደ ትርዒት ይታያል። ማዳበሪያ የጫነ አይሱዙ ወይም ወላድ ለመውሰድ የመጣ የወረዳው አምቡላንስ ጭቃ ውስጥ ይቀረቀራል። ሾፌሩ ነዳጅ እየሰጠ ጎማውን ያሽከረክራል፤ መንደሩ በጩኸት ተጠርቶ ይወጣል፤ አርባና ሃምሳ ሰው ተረባርቦ ይገፋል፣ ገመድ ይጎትታል። መኪናው አንዳንዴ ይወጣል፣ አንዳንዴም ከነበረበት ይበልጥ ይሰምጣል። ምጥ የያዛት ሴት ይህ ሁሉ እስኪሆን በቃሬዛ ላይ ትጠብቃለች።

ሕዝቡን ጠርቶ የሚያሰልፈው ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ገበሬ ማኅበር የነበረው፣ ዛሬም በአፍ ልማድ በዚሁ ስም የሚጠራው የገጠር ቀበሌ ነው። ስለዚህ አወጣጡን ማወቅ ለሾፌር ብቻ የሚተው ሙያ አይደለም።

የችግሩ ሥር መሬቱ ነው። በኢትዮጵያ ጥቁር ዋልካ አፈር የያዘው መሬት ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከ7 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው በከፍተኛ ቦታዎች ይገኛል። የበቾ፣ የአድአ፣ የእነዋሪና የፎገራ ገበሬ ጠባዩን አሳምሮ ያውቀዋል። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ውኃውንም ወደ ታች አያሳልፍም። የጎማው ጥርስ በዚህ ጭቃ ሲሞላ ጎማው ሙልጭ ያለ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ነዳጅ መስጠት ጉድጓድ መቆፈር ነው፤ በመጨረሻም የመኪናው ሆድ መሬት ላይ ይቀመጥና ጎማዎቹ ያለ ሸክም ይዞራሉ። አራቱም ጎማ የሚጎትተው ላንድክሩዘር ከዚህ አያመልጥም። እንዲያውም በአንዳንዶቹ የፊት ጎማ ኃይል የሚያገኘው በጎማው መሐል ያለው መቆለፊያ በእጅ ሲዞር ነው። ሾፌሩ ይህን ረስቶ በሁለት ጎማ ብቻ እየታገለ ሃምሳ ሰው በከንቱ የሚደክምበት ጊዜ አለ። ከመግፋት በፊት መጠየቁ አይከፋም።

ሆዱ የተቀመጠ መኪና በግፊያ ብዛት አይወጣም፤ የሚያወጣው አካፋ ነው። ጭነት ካለ መጀመሪያ ይራገፋል። ከሆዱ ሥርና ከጎማዎቹ ፊት ያለው ጭቃ ተጠርጎ፣ የታቆረው ውኃ በቦይ ይለቀቃል። በክሪክ ማንሳት ካስፈለገ ከክሪኩ ሥር ወፍራም ሳንቃ ሊነጠፍ ይገባል፤ አለዚያ መኪናው ሳይነሳ ክሪኩ ይሰምጣል። ከጎማው ሥር ድንጋይ፣ ቅርንጫፍ ወይም ሳንቃ ይገባል። ገለባ ግን አይረዳም፤ ከጭቃው ጋር ተለውሶ ያዳልጣል። መሙያ በቅርብ ካለ የጎማውን ነፋስ መቀነስ ጎማው ሰፋ ብሎ እንዲረግጥ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ በከባድ ማርሽ፣ በዝግታ መንዳት ነው።

ሰው የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ በገመዱ ነው። ተወጥሮ የተበጠሰ የሽቦ ገመድ እንደ ጅራፍ ይመለሳል፤ የታሰረበት ብረት ከተነቀለም እንደ ጥይት ይወረወራል። ስለዚህ ገመድ በፓራውልት ላይ አይታሰርም፤ በሻንሲው ላይ ባለው መጎተቻ እንጂ። በገመዱ መሐል እርጥብ ጆንያ ይንጠለጠላል። ተመልካችም ከገመዱ ርዝመት የበለጠ ርቆ ይቆማል፤ ልጆችን ማራቅ የሊቀመንበሩ ሥራ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ትራክተር ሲጎትት ገመዱ ከታች ባለው መጎተቻ ካልታሰረ የትራክተሩ ፊት ተነስቶ ወደ ኋላ ሊገለበጥና ነጂውን ሊገድል ይችላል። ትእዛዝ የሚሰጠውም አንድ ሰው ብቻ ሊሆን ይገባል።

በጓሳ መንዝ፣ በሰሜን ተራሮችና ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የሳነቴ አምባ ደግሞ ነገሩ በበጋም አያበቃም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ረግረጉን በስስ በረዶ ያለብሰዋል። ንጋት ላይ በቅሎ የተሸከመው ቅርፊት በመኪና ክብደት ይሰበራል። እዚያ ያደረ መኪና ጎማውን የጨበጠው በረዶ በዶማ ተሰብሮ ሳይላቀቅ በሞተር ኃይል ማስጨነቅ መኪናውን ይጎዳል።

ይበልጥ መነጋገር የሚያሻው ግን መኪናው ከመያዙ በፊት ባለው ጉዳይ ላይ ነው። በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም አያሌ ቀበሌዎች ከዋና መንገድ ጋር ተገናኝተዋል። ጥገናው ግን ከግንባታው እኩል አልተራመደም። በዋልካ አገር ገበሬው ውኃ ለማጠንፈፍ መደብና ቦይ ማውጣቱ ለሰብሉ የሚበጅ ነው፤ ነገር ግን የቦዩ ጫፍ የት ይደርሳል? ብዙ ቦታ ላይ መልሱ መንገዱ ነው። የመንገዱ ዳር ቦይ ደግሞ በእርሻ ተገፍቶ ጠፍቷል። ባለ ማሳውን ከመንገድ ተጠቃሚው ማስማማት ከወረዳ የሚመጣ መሐንዲስ የሚሠራው አይደለም፤ ድንበርና ባለ ድንበር የሚያውቀው ቀበሌው ነው። በየበጋው ለተፋሰስ ሥራ ከሚወጣው የሕዝብ ጉልበት ሁለት ቀን ለዚህ ቢመደብ ሰኔ ላይ ልዩነቱ ይታያል።

ማዳበሪያም አለ። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ማዳበሪያ ዘግይቶ ገበሬው ምሬቱን ማሰማቱ ይታወሳል። የመዘግየቱ ምክንያት ምንም ይሁን ምን፣ የዘገየ ማዳበሪያ የሚመጣው በክረምት መንገድ ነው። ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት የተጫነ መኪና አስገብቶ መንገዱን ለወራት ከማበላሸት፣ ጭነቱን ደረቅ ቦታ ላይ አራግፎ በአህያ ማጓጓዝ ይሻላል። ነጋዴው ቢያጉረመርምም መንገዱን ለጊዜው መዝጋት ያዋጣል።

ወላዷ ግን መንገዱ እስኪደርቅ አትቆይም። በሐምሌና በነሐሴ የሚወልዱት እነማን እንደሆኑ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታውቃለች። የእናቶች ማቆያ ባለው ጤና ጣቢያ አስቀድሞ ማስገባት የሚቻለው ስማቸው በሰኔ መጀመሪያ ከቀበሌው ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ነው፤ ቤት የሚቀሩትን ልጆችና ከብቶች ማን እንደሚጠብቅም ያኔውኑ መወሰን አለበት።