ከቀለሙ በፊት ጥቅጠቃው

አሶሳ ቤት የሠራ ወዳጄ ግቢውን ቅርጽ በታተመበት ባለቀለም ኮንክሪት ሊያስነጥፍ ውሉን አሳየኝ። «ህዳሴ ግድብስ ኮንክሪት አይደል?» አለኝ።

ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ባለ145 ሜትር ዋና ግድብ በሩሎ እየተጠቀጠቀ የተሠራ ኮንክሪት ነው። ግድብን ግን ለውኃ ቧንቧ ብሎ የሚቆፍር የለም፤ ግቢ ይቆፈራል። ኮብልስቶን ተነስቶ መልሶ ይነጠፋል፤ የታተመ ኮንክሪት ከተሰበረ ጥገናው እንደ ጠባሳ ይታያል። ሁለቱም ቢሆኑ ከሥር ያለው ሰሌክት በወጉ ካልተጠቀጠቀ በክረምት ይሰምጣሉ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3039 ተቋራጩን ለሥራው ጥንካሬ ለ10 ዓመት ኃላፊ ያደርገዋል፤ በአፈሩ ጠባይ ለሚደርስ ጉዳት ጭምር። የወዳጄ ውል ግን ስለ ቀለም እንጂ ስለ ጥቅጠቃ አንድም ቃል የለውም። በእኔ እምነት፣ ሕጉ ቢኖርም እንዲህ ያለ ውል ይዞ ፍርድ ቤት መቆም ከባድ ነው።